ቬንቲሌተር ላይ እያለ ሾክ የገባ ታማሚ፦ በየትኛው ስኮር ብንከታተለው ይሻላል?

«ሲስተር፣ በእመብርሃን እውነቱን ንገሪኝ፣ ይተርፋል ወይስ ነፍሱ ሳትወጣ ይዘነው እንግባ?»

እዚ ጎጃም አይሲዩ (የፅኑ ህሙማን ክፍል) ውስጥ የሰራ ሰው ይቺን ጥያቄ ሳይሰማ ወር አይሞላውም። የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ ታላቅ ወንድም ወይ አጎት ነው፣ ጋቢውን ተከናንቦ ኮሪደር ላይ ሶስት ቀን ያደረ፣ ለመድሃኒት በሬ ሸጦ የመጣ። የሚያስበው ነገር ደሞ ግልፅ ነው፣ በህይወት እያለ ከሆነ መኪና ይገኛል፣ ካረፈ በኋላ ግን አስከሬን ለመጫን የሚጠየቀው ዋጋ ሌላ ነው፣ በዛ ላይ ንስሐ አባቱ ሳይደርሱለት እዚ አልጋ ላይ እንዲቀርበት ማንም አይፈልግም። እና ምን ብለን ነው የምንመልሰው? «እግዚአብሔር ያውቃል» ማለት እውነት ነው፣ ግን እሱን እነሱም ከኛ በፊት ያውቁታል፣ ከኛ የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነው።

እኔ የአይሲዩ ነርስ ነኝ። ይሄን የምፅፈው በተለይ አዲስ ለሚገቡ ነርሶች፣ ለኢንተርኖችና ለጂፒዎች (ጠቅላላ ሀኪሞች) ነው፣ ምክንያቱም ስኮሩ (የበሽታውን ክብደት በነጥብ የሚገምተው ሰንጠረዥ) ሁሉ ስልካችን ላይ ተደርድሯል፣ ካልኩሌተሩም በነፃ ይወርዳል፣ ግን የትኛው ለየትኛው ታማሚ እንደሚሆን ቁጭ ብሎ የሚነግረን የለም፣ እና ሁሉም እጁ የገባለትን ይሞላና የወጣችውን ቁጥር እንደ ፍርድ ያነባታል። የማወራው ስለ አንድ አይነት ታማሚ ብቻ ነው። በሌላ ምክንያት የመተንፈሻ ቱቦ ገብቶለት ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ እያለ ከ48 ሰዓት በኋላ የሳንባ ምች የያዘው፣ ማለትም ቫፕ፣ ከዛም በሱ ምክንያት ሴፕቲክ ሾክ (ኢንፌክሽን የሚያመጣው የደም ዝውውር መዳከም) ውስጥ የገባ። ሾክ የምለው ደሞ በ2016 (እዚ የምጠቅሳቸው አመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በወጣው ትርጉም ነው፣ በቂ ፈሳሽ ከወሰደም በኋላ አማካይ የደም ግፊቱን 65 ላይ ለማቆየት እንደ ኖርአድሬናሊን ያለ መድሃኒት የሚያስፈልገው፣ ላክቴቱም (ቲሹ ኦክስጅን ሲያጥረው ደም ውስጥ የሚጨምረው ነገር) ከ2 በላይ የሆነ። ትርጉሙ ሲወጣ በታዩት ታማሚዎች ውስጥ እንዲ ከሆኑት ከ100 ሰው ከ40 በላይ የሚሆኑት ሆስፒታል ውስጥ ህይወታቸው አልፏል። ከባድ ነው በጣም። ግን የተረፉትም ብዙ ናቸው፣ እና ስራችን እዚ ፊታችን የተኛው ወደየትኛው ጎን እየሄደ እንደሆነ በጊዜ ማወቅ ነው።

ለቸኮለ ሰው ምርጫዬን መጀመሪያ ላስቀምጥ። ሶፋ (የስድስት አካላትን ድካም በነጥብ የሚያይ ስኮር) በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ካፒላሪ ሪፊል (ጣትን ተጭነን ስንለቀው ደሙ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) በየግማሽ ሰዓቱ፣ ቫፕ ፓይሮ (ለቫፕ ተብሎ የተሰራ ስኮር) ደሞ ቫፕ ነው ብለን ቻርት ላይ በፃፍንበት ቀን አንዴ። አፓቼ ቱ የሚባለው ስኮር ለሪፖርትና ለጥናት ይቆይልን። ኪውሶፋና ዩቪኤ የሚባሉት ስኮሮች ቱቦ የገባለት ሰው ጋ ባይደርሱ ይሻላል። ላክቴት ካለ ጥሩ ነው ግን አድሬናሊን እየሄደለት ያለ ታማሚ ላይ ተጠንቀቁ። አሁን ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከአፓቼ ቱ ልጀምር፣ ራውንድ ላይ ስሙ ሲጠራ ሁሉም ሰው ዝም ስለሚል። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ ነው፣ 12 ልኬት ይወስዳል፣ እድሜና የቆየ በሽታ ይጨምርበትና እስከ 71 ይደርሳል። በቦታው ጥሩ ስኮር ነው። ግን የሚሞላው ታማሚው አይሲዩ በገባ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ ከታየው መጥፎ ቁጥር ነው፣ የኛ ሰውዬ ደሞ ቫፕ የያዘው በአምስተኛው ወይ በሰባተኛው ቀን ነው፣ ስለዚ የመግቢያ ቀኑ አፓቼ የሚናገረው ስለ ጭንቅላት ጉዳቱ ወይ ስለ ጠጣው ፀረ ተባይ እንጂ ስለ ዛሬው ሾክ አይደለም። ዛሬ አድሰን ብንሞላውስ የሚል አለ፣ መሙላት ይቻላል ግን ከቁጥሩ ጎን ያለው የሞት ፐርሰንት ከመግቢያው ቀን ጋ የታሰረ ስለሆነ እሱን ወስዶ ለቤተሰብ መንገር ስህተት ነው። ሌላው የኛው የቤት ችግር ነው። የደም ጋዝ ይፈልጋል፣ ሶዲየም ይፈልጋል፣ ፖታሲየም ይፈልጋል፣ ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) ያለቀ ቀን ደሞ ያልተሰራው ምርመራ እንደ ኖርማል ተቆጥሮ 0 ይገባለታል። ይሄ ማለት እኛ ላብ ባጣን ቁጥር ታማሚው ወረቀት ላይ እየተሻለው ይሄዳል ማለት ነው። ይሄን ያላወቀ ሰው አፓቼ 17 አይቶ ተረጋግቶ ይተኛል።

ኪውሶፋን ቶሎ ልለፈው። ሶስት ነገር ነው፣ ትንፋሽ 22 እና ከዛ በላይ፣ የላይኛው ግፊት 100 እና ከዛ በታች፣ የንቃት መለወጥ። ትንፋሹን የሚቆጥርለት እኛው የሞላነው ማሽን ነው፣ ንቃቱን ያወረድነው እኛው በሰጠነው ማደንዘዣ ነው፣ ታዲያ ምኑን ለካነው? በ2021 የወጣው አለምአቀፍ የሴፕሲስ መመሪያም ኪውሶፋን ለብቻው መለያ አርጋችሁ አትጠቀሙ ብሏል። ዩቪኤ ግን ይከበር፣ በ2017 የወጣ ነው፣ ከሰሃራ በታች ባሉ ስድስት አገሮች ሆስፒታል ተኝተው ከታከሙ ሰዎች መረጃ የተሰራ፣ ላብ ብዙ የማይጠይቅ፣ ኤችአይቪንም የሚቆጥር። ሞጣ ወይ ቢቸና ያለ ጂፒ ዋርድ ላይ ከተኙት ውስጥ የትኛውን ቶሎ ሪፈር ልበል ብሎ ሲያስብ የምመክረው እሱን ነው። አይሲዩ ውስጥ ግን ጂሲኤስ (የንቃት መለኪያ፣ 15 ሙሉ ንቃት ነው) ከ15 በታች ስለሆነ ብቻ ከ13ቱ 4ቱን ይሰጣል፣ ቱቦ ያለው ሁሉ ደሞ ከ15 በታች ነው፣ ስለዚ ሁሉም አልጋ ላይ ያለ ሰው አንድ አይነት ይሆንብናል።

ሲፒአይኤስ የሚባለውንም ብዙ ሰው ከነዚ ጋ ይቀላቅለዋል። እሱ በመሰረቱ ቫፕ መሆን አለመሆኑን ለመገመት ነው የተሰራው፣ ሙቀት፣ ነጭ የደም ሴል፣ ከቱቦ የሚወጣው አክታ፣ ኦክስጅን፣ ራጅ፣ ካልቸር (ባክቴሪያውን አብቅሎ የሚለየው ምርመራ)፣ ከ12 ይታሰባል፣ ከ6 ካለፈ ምች ይጠረጠራል። የ2016ቱ የአሜሪካ መመሪያ አንቲባዮቲክ ለመጀመር በሱ ላይ አትመኩ ይላል፣ እኔም ያየሁት እሱኑ ነው። እኛ ጋ ቬንቲሌተር ላይ ከሚገቡት ውስጥ የፀረ ተባይ መርዝ ታማሚዎች ብዙ ናቸው፣ መርዙ ራሱ አክታ ያበዛል፣ አትሮፒኑ ደሞ ያደርቀዋል፣ ሙቀትም ያመጣል፣ ልብ ምትም ያፈጥናል፣ እና አክታና ሙቀት ላይ የቆመ ስኮር በነዚ ልጆች ላይ ሲወዛወዝ ነው የሚውለው። አንድ የሚጠቅም ነገር ግን አለው። በሶስተኛው ቀን እንደገና ሲሞላ ኦክስጅኑ ከተሻሻለ ጥሩ ምልክት ነው፣ ካልተሻሻለ መድሃኒቱ ባክቴሪያውን እየነካው ላይሆን ይችላል ብሎ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል።

ቫፕ ፓይሮ ለቫፕ ተብሎ የተሰራ ስለሆነ ልዩ ነው፣ እና የሚገርመው አጭር ነው፣ አራት ጥያቄ ብቻ። ከበፊት የነበረ ከባድ በሽታ አለው ወይ፣ የቆየ የሳንባ በሽታ፣ የልብ ድካም፣ ሲሮሲስ (የጉበት ጠባሳ)፣ የቆየ የኩላሊት ድካም ወይ የበሽታ መከላከል አቅም መዳከም። ባክቴሪያው ደም ውስጥ ገብቷል ወይ። የላይኛው ግፊት ከ90 በታች ወይ ሾክ አለ ወይ። ኤአርዲኤስ (ኦክስጅን የሚያሳጣ ከባድ የሳንባ ጉዳት) አለ ወይ። ለእያንዳንዱ አንድ ነጥብ፣ 0 እና 1 ቀላል፣ 2 ከፍተኛ፣ 3 እና 4 በጣም ከፍተኛ። የኛ ታማሚ ሾክ ላይ ስለሆነ አንዷን ነጥብ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ስለዚ በኛ ሰዎች መሃል የሚለየው የቀሩት ሶስቱ ናቸው። ደም ካልቸር ባለበት ሆስፒታል ውጤቱ ለመምጣት ሁለት ሶስት ቀን ይፈጃል፣ በሌለበት ደሞ ያቺ ሳጥን ባዶ ትቀራለች፣ ባዶ ስትቀር 0 ብላችሁ አትሙሉ፣ «አልተሰራም» ብላችሁ ፃፉ። ይሄን ስኮር የምወደው ለመጀመሪያው ቀን ነው፣ የ70 አመት አዛውንት የልብ ድካም ያለባቸው ቫፕ ይዟቸው ሾክና ኤአርዲኤስ አንድ ላይ ሲመጣ ቤተሰቡን ዛሬውኑ ጠርቶ ማናገር እንደሚያስፈልግ ይነግረናል። ግን አንዴ ከተሞላ በኋላ ብዙም አይንቀሳቀስም፣ ነገ የተሻለው ይሁን የባሰበት አያሳይም።

ለዛ ነው ሶፋ ላይ ብዙ ጊዜ የማጠፋው።

ሶፋ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ነው፣ ስድስት ነገር ያያል፣ ሳንባ፣ ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ሴል)፣ ቢሊሩቢን (የጉበት ምርመራ)፣ ደም ግፊትና መድሃኒቱ፣ ጂሲኤስ፣ ኩላሊት። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4፣ ድምሩ ከ24። ዋናው ጥቅሙ በየቀኑ እንዲሞላ ታስቦ መሰራቱ ነው። በ2001 ታትሞ የወጣ፣ ቤልጅየም ውስጥ በ352 የአይሲዩ ታማሚዎች ላይ የተሰራ ጥናት ነበር፣ መነሻው ምንም ይሁን ምን በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ሶፋው የጨመረ ሰው የመሞት እድሉ ቢያንስ ግማሽ በግማሽ ሆኖ ነው የተገኘው፣ የቀነሰለት ደሞ ከ27 ፐርሰንት በታች። እነሱ የኛ አይነት ታማሚዎች አይደሉም፣ ሁሉም ቫፕ አልነበራቸውም፣ ስለዚ ፐርሰንቱን አምጥታችሁ ለወንድምየው አትንገሩት። የምንወስደው አቅጣጫውን ነው። ዛሬ 11 የሆነና ከነገ ወዲያ 8 የሆነ ሰው፣ ዛሬ 8 ሆኖ ከነገ ወዲያ 10 ከሆነው ሰው የተሻለ ተስፋ አለው።

እሺ በኛ ቤት እንዴት ይሞላል? እዚ ላይ ነው ስህተቱ የሚበዛው እና ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

መጀመሪያ ሳንባ። ስኮሩ ፓኦቱን (ደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ግፊት) በኤፍአይኦቱ (በሚተነፍሰው አየር ውስጥ ባለው የኦክስጅን ድርሻ) አካፍሉ ይላል፣ ከ400 በታች 1 ነጥብ፣ ከ300 በታች 2፣ በማሽን እየታገዘ ከ200 በታች 3፣ ከ100 በታች 4። ይሄ ቁጥር የተሰራው ባህር ጠለል አካባቢ ላለ ሰው ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ የአየር ግፊቷ ከ760 ሳይሆን ከ570 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ብዙ የማይርቅ ነው፣ ሶስት አራተኛ ማለት ነው። ባህር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ስለሆነች ትንሽ ትሻላለች። በዚ ሂሳብ ማርቆስ ላይ አንድ ጤነኛ ገበሬ፣ እርሻ ውሎ የገባ፣ ምንም ያላመመው፣ ብንለካው ከ400 በታች ወጥቶ 1 ነጥብ ይሰጠዋል! የኤአርዲኤስ ትርጉም የፃፉትም ከ1,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታው ይታሰብ ይላሉ፣ እና መለያ ቁጥሮቹ በ0.75 ሲባዙ 300ው ወደ 225፣ 200ው ወደ 150 ይወርዳሉ። ስለዚ ወይ ሁልጊዜ አስተካክላችሁ ሙሉ ወይ ሁልጊዜ ሳታስተካክሉ ሙሉ፣ ከሁለት አንዱን ቻርቱ አናት ላይ ፃፉት። ዛሬ የማታው ተረኛ አስተካክሎ ነገ የቀኑ ሳያስተካክል ከሞላው ታማሚው ሳይነቃነቅ ስኮሩ አንድ ነጥብ ይወጣል ይወርዳል። የማነፃፀሩ ጥሩነት ደሞ እዚ ጋ ነው፣ ከፍታው በየቀኑ አንድ ስለሆነ አቅጣጫውን አያበላሸውም።

የደም ጋዝ ከሌለስ? ኤስፒኦቱን (ጣት ላይ የሚሰካው ፐልስ ኦክሲሜትር የሚያሳየውን የኦክስጅን ፐርሰንት) በኤፍአይኦቱ አካፍሉ፣ በግምት 315 የፓኦቱውን 300፣ 235 ደሞ 200ውን ይተካል፣ ግን ኤስፒኦቱው ከ97 በላይ ከሆነ አይሰራም፣ 99 እና 100 ላይ ቆሞ የምታሰሉት ነገር ውሸት ነው። ጣቱ ቀዝቅዞ ሞገዱ የማይታይ ከሆነም አትመኑት፣ ወደ ጆሮ ቀይሩት። ጥቁር ቆዳ ላይ ፐልስ ኦክሲሜትር አንዳንዴ ከእውነተኛው ከፍ አርጎ እንደሚያሳይም በጥናት ታይቷል፣ ይሄ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል።

ሁለተኛ ጂሲኤስ፣ እዚ ጋ የራሴን ልንገራችሁ። ድሮ ሌላ ቦታ ስሰራ ነው፣ ሆስፒታሉን አልጠቅስም። ወጣት ልጅ ነበር፣ ፀረ ተባይ ጠጥቶ የመጣ፣ በስድስተኛው ቀን ቫፕ ይዞት ሾክ ገባ። የዛን ቀን ሶፋ ስንሞላ ዳያዜፓም (የሚያደነዝዝ መድሃኒት) በብዛት እየወሰደ ነበር፣ እና ጂሲኤሱን 3 ብለን ፃፍነው፣ 4 ነጥብ ጨመርንበት፣ ድምሩ 15 ሆነ። አንድ ሲኒየር 15ን አይቶ ለቤተሰቡ ተስፋ የለውም ብሎ ነገራቸው። አባትየው ምንም አልተናገሩም፣ ወጥተው መኪና መፈለግ ጀመሩ። ማታ ስለነበር መኪና አልተገኘም፣ ጠዋት ይመጣል ተባለ። ሌሊቱን መድሃኒቱ ቀነሰለት፣ ወደ 11 ሰዓት ሌሊት ላይ ሰክሽን ሳደርግለት (አክታውን ስመጥለት) እጄን ገፋኝ። ጂሲኤሱ መጀመሪያውኑ 3 አልነበረም፣ እኛ ነን 3 ያደረግነው። ልጁ ከማሽን ወጥቶ በእግሩ ሄደ፣ ግን መኪናዋ በጊዜ ተገኝታ ቢሆን ኖሮ ብዬ እስከዛሬ አስባለሁ። ስለዚ ማደንዘዣ ላይ ያለ ሰው ከማደንዘዣው በፊት የነበረውን ጂሲኤስ ነው የምትሞሉለት፣ እሱ ካልተመዘገበ ከጎኑ «በማደንዘዣ ላይ» ብላችሁ ለብቻ አስቀምጡት እንጂ ድምሩ ውስጥ አታስገቡት።

ሶስተኛ ደም ግፊቱ። ኖርአድሬናሊን ወይ አድሬናሊን እስከ 0.1 ማይክሮግራም በኪሎ በደቂቃ 3 ነጥብ፣ ከዛ በላይ 4። ዶፓሚን ደሞ ከ5 በላይ 3፣ ከ15 በላይ 4። እኛ ጋ ኖርአድሬናሊን አልቆ ወደ ዶፓሚን የምንቀይርበት ጊዜ አለ፣ ያኔ ስኮሩ የሚጨምረው ታማሚው ብሶበት ላይሆን ይችላል፣ ስቶር ውስጥ ያለው ነገር ተቀይሮ ነው። በተቀየረበት ሰዓት ቻርቱ ላይ መስመር አስምሩ። ክብደቱንም አንዴ ከገመታችሁ እሱኑ ያዙ፣ አንዱ 50 ሌላው 60 ኪሎ ካለው ዶዙ በየሽፍቱ ይለዋወጣል።

ኩላሊቱ በክሬያቲኒንም (የኩላሊት የደም ምርመራ) በሽንትም ይሞላል፣ በቀን ከ500 ሚሊ በታች 3፣ ከ200 በታች 4። ክሬያቲኒን ያልተሰራ ቀን የሽንት ቦርሳው ነው መረጃችን፣ እሱን ሳይመዘግብ የሚደፋ ሰው ካለ አብራችሁ ተቀምጣችሁ አስረዱት። ፕላትሌት ሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ) ላይ አለ። ቢሊሩቢን ብዙ ጊዜ ይጠፋል፣ እሱ ከጠፋ በአምስቱ ሙሉና «ከ20» ብላችሁ ፃፉ፣ ነገ ቢሊሩቢን ቢመጣም ከትናንቱ ጋ የምታነፃፅሩት አምስቱን ብቻ ነው።

ሶፋ በቀን አንዴ ነው። ሾክ ደሞ በሰዓት ነው የሚንቀሳቀሰው፣ በመሃል ምን እንይ? እዚ ጋ ላክቴትና ካፒላሪ ሪፊል ይወዳደራሉ። ላክቴት ያለው ቦታ ከ2 በላይ ከሆነ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ውስጥ መደገም አለበት፣ እየወረደ ከሆነ መልካም ነው። ግን ሁለት ነገር እወቁ። አንድ፣ ማሽኑ በሁሉም ሆስፒታል የለም፣ ያለበትም ካርትሪጅ ያልቃል። ሁለት፣ አድሬናሊን ራሱ ላክቴት ይጨምራል፣ ቲሹው ኦክስጅን ባያጣም እንኳ። ኖርአድሬናሊን አጥተን አድሬናሊን የሰቀልንለት ሰው ላክቴቱ ከ4 ወደ 6 ቢወጣ እየሞተ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ካፒላሪ ሪፊል ነፃ ነው። በ2019 የወጣው አንድሮሜዳ ሾክ የሚባለው ጥናት 424 የሴፕቲክ ሾክ ታማሚዎችን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በላክቴት ግማሹን በጣት እየተከታተለ አከመ፣ በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት በጣት ከተከታተሉት 34.9 ፐርሰንት፣ በላክቴት ከተከታተሉት 43.4 ፐርሰንት ነበሩ። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ መስፈርት ለጥቂት ሳይደርስ ቀርቷል፣ ስለዚ ጣት ይበልጣል ማለት አይቻልም፣ ግን ላክቴት የሌለበት ሆስፒታል ውስጥ ያለ ሰው ባዶ እጁን እንዳልሆነ በደንብ ያሳያል። አሰራሩ እንዲ ነው፣ የቀኝ እጁን ጠቋሚ ጣት ጫፍ በውስጥ በኩል (ከጥፍሩ ተቃራኒ) በመስታወት ስላይድ እስኪነጣ ተጫኑት፣ 10 ሰከንድ ያዙት፣ ልቀቁትና ቁጠሩ፣ ከ3 ሰከንድ በላይ ከፈጀ ጥሩ አይደለም። ሰዓት ይዛችሁ ቁጠሩ፣ በአይን ግምት አይሆንም። የኛ ሌሊት ብርድ ነው፣ በተለይ ወደ ጮቄ ተራራ የተጠጋው አገር፣ መስኮቱ ክፍት ሆኖ እጁ ከብርድ ልብስ ውጪ ያደረ ሰው ጣቱ በብርዱም ይዘገያል፣ መጀመሪያ ሸፍኑትና ሙቀት ሲያገኝ ለኩ። ጥናቱ እስኪስተካከል በየ30 ደቂቃው ነው የለካው፣ አንድ ነርስ ለሁለት ታማሚ ባለበት ይቻላል፣ ለአምስት ሲሆን ግን ከባድ ነው፣ ቢያንስ በየሰዓቱ ይሁንልን።

አንዳቸውም ስኮሮች የማያዩት አንድ ትልቅ ነገር አለ፣ የተሰጠው አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን የሚገድል መሆን አለመሆኑን። ቫፕ የሚያመጡት አሲኔቶባክተር፣ ክሌብሲየላ፣ ሱዶሞናስ፣ ስታፍ ናቸው፣ ብዙዎቹ ሴፍትሪያክሶንን አይፈሩም። መጀመሪያ ላይ የማይሰራ መድሃኒት የተሰጠው ሰው የሚሞትበት እድል ከፍ ይላል፣ ሾክ ላይ ደሞ መመሪያው በአንድ ሰዓት ውስጥ ጀምሩ ነው የሚለው። ስለዚ ሶፋው በ48 ሰዓት ሲጨምር የመጀመሪያው ጥያቄ «ተስፋ አለው ወይ» ሳይሆን «መድሃኒቱ ይሰራል ወይ» መሆን አለበት፣ ከቱቦው አክታ ካልቸር ተልኳል ወይ፣ ውጤቱን ማን ሄዶ ያመጣል፣ ሜሮፔነም የሚገዛው ቤተሰብ ገንዘቡ ስንት ቀን ይበቃዋል። ብዙ ጊዜ የህክምናው ጊዜ 7 ቀን እንደሆነ መጀመሪያውኑ ከነገርናቸው አቅማቸውን አስልተው ይገዛሉ፣ ካልነገርናቸው በአራተኛው ቀን ገንዘቡ ያልቅና ይቋረጣል።

ሪፈር የሚለውም በስኮር ብቻ አይወሰንም። ከማርቆስ አዲስ አበባ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፣ መሃሉ ላይ ከደጀን በኋላ የአባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት አለ፣ ኖርአድሬናሊን በፓምፕ እየሄደለት ያለ ሰው ፓምፕ በሌለው አምቡላንስ ያን መንገድ አይችለውም። ሶፋው እየወረደ ያለን ሰው አታንቀሳቅሱት ነው የምለው። እየጨመረ ከሆነና የሚቀየር ነገር እዛ ካለ፣ ለምሳሌ ዲያሊስስ (የኩላሊት እጥበት)፣ ያኔ መንገዱ ይታሰባል።

ወደ ወንድምየው እንመለስ። እኔ አሁን የምመልሰው እንዲ ነው። በመጀመሪያው ቀን «ጋሼ፣ በሽታው ከባድ ነው፣ እንዲ ከሆኑት ብዙዎቹ አይተርፉም፣ የሚተርፉም አሉ፣ ዛሬ ቁርጡን ልነግርዎት አልችልም፣ ሁለት ቀን ይስጡን፣ ንስሐ አባቱን ግን ዛሬውኑ ይጥሩ» እላለሁ። ንስሐ አባቱ ይመጣሉ፣ ፀበል ይዘው፣ በአፉ እንዳይሰጡት አስረዳቸዋለሁ ቱቦ ስላለው ወደ ሳንባው ስለሚገባ፣ ግንባሩንና እጁን ይረጩታል፣ ማንም ተቃውሞኝ አያውቅም። በ48ኛው ሰዓት ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አርጌ ከዶክተሩ ጋ አየዋለሁ። ከወረደ «እየተሻለው ነው፣ አሁንም ግን አልወጣም» ነው፣ ከጨመረ ካልቸሩም መጥቶ መድሃኒቱም ተቀይሮ ካልወረደ ዶክተሩ ቁጭ ብሎ ያናግራቸዋል፣ ቆሞ አይደለም፣ ኮሪደር ላይም አይደለም፣ ወንበር ፈልገን። ሁለት ቀን የሰጡን ቤተሰቦች ታማሚያቸው ባይተርፍ እንኳ ሲሄዱ እጃችንን ይዘው ነው የሚሄዱት፣ ቻርቱ ላይ ደሞ ያቺን 48ኛ ሰዓት በቀይ እስክሪብቶ አክብባታለሁ፣ የሚቀጥለው ተረኛ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጥር እንዳይጠፋው።